ከ512 በላይ አልይዝም ያለው መልቲሜትር

ወደዚህ ዓምድ ከሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «የትኛውን ቴስተር ልግዛ?» የሚሉ ናቸው። ሰሞኑን ግን ሦስት የተለዩ መጡልኝ። ሦስቱም መልቲሜትርን ከኮምፒውተር በትዕዛዝ ስለማሠራት ናቸው፤ ሦስቱም ዞሮ ዞሮ የሚጠይቁት «ንባቤ የት ገባ?» ነው፤ ንባብ የምንለው መለኪያው አንድ ጊዜ ለክቶ የሚሰጠውን ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ሳነብ ሳቄ መጣ። የራሴን የድሮ ጥፋት ሌላ ሰው ጽፎ የላከልኝ መሰለኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በፊደላችን ነው፣ አፍ ላይ እንደሚጠሩት። ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ሙሉ አጻጻፋቸው በመለኪያው ማንዋል ላይ አለ። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ትዕዛዝ ያለ ምልክቱ ከላካችሁት ግን መልስ አትጠብቁ።

«ጋሼ፣ እንዴት ከርመዋል? በአንድ ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ። ያለን መልቲሜትር አሮጌው ኤችፒ 34401ኤ ነው፤ በሲሪያል ኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ በፓይተን ነው የማዘው። አንድ የ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ሌሊቱን ዲስቻርጅ ሲሆን በየ1 ደቂቃው እንዲለካ ፈለግሁ። ለ10 ሰዓት 600 ንባብ ማለት ነው። ኢኒት ብዬ ሳዘው 531 የሚል ኤረር ሰጠኝ። ወደ 500 ዝቅ ሳደርገው እሺ አለ። ጠዋት በፌች ስጠይቀው ግን ፕሮግራሜ ታይምአውት አለ። ደግሜ ስጠይቅ -410 መጣ። በማግስቱ እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋና ሁሉም ባዶ ሆነ። ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ አላወቅኩበትም?» ት. ከአዳማ

እህቴ ት.፣ መለኪያው ጤነኛ ነው። የገጠመሽ ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ ተከታትሎ ስለመጣብሽ አንድ በሽታ መሰለሽ።

ከ531 እንጀምር። «ቦታ የለኝም» ማለቱ ነው። ይሄ መለኪያ፣ ላዩ ላይ ኤችፒ ይበል አጂለንት፣ በውስጡ የሚይዘው 512 ንባብ ብቻ ነው። አንቺ 600 አዘዝሽው፤ ሥራ ሳይጀምር እምቢ አለሽ። እንዲያውም ጨዋነቱ ነው፤ ሌሊቱን ሲለካ አድሮ መጨረሻ ላይ ቢነግርሽ ምን ልትዪ ነበር? የሚቆጥረው ደግሞ የሳምፕሉ ብዛት (አንዴ ሲቀሰቀስ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) በትሪገሩ ብዛት (ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቀስ) ሲባዛ የሚመጣውን ነው። ሳምፕል 300፣ ትሪገር 2 ብትዪው ያው 600 ነው፣ ያው 531 ይመጣል። በዚያ በኩል ሹልክ ልበል አትበዪ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

አሁን ንባቡ የት እንደሚገባ እንይ። የእናቴን ቤት ጎታ አስቢ። ኢኒት ስትዪው መለኪያው የለካውን ሁሉ ጎታው ውስጥ ይከታል። አንዲት ቃል አይልክልሽም። ፌች ከጥያቄ ምልክት ጋር ስትዪው ከጎታው በእንቅብ ሰፍሮ በራፉ ላይ ያስቀምጥልሻል፤ በራፉ ማለት ወደ ኬብሉ የሚወጣበት ማቆያ ነው። ሪድ የሚባለው ሦስተኛው ትዕዛዝ ግን ጎታ የሚባል ነገር አያውቅም። ከአውድማው በቀጥታ ወደ በራፍ ነው። ለዚህ ነው ሪድ የ512 ገደብ የሌለበት። ብዙ ሰው ኢኒትና ሪድ አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስለዋል። ውጤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ያው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ታይምአውቱ ሒሳብ ነው። መለኪያው የሚልከው እያንዳንዱ ንባብ 15 ፊደል አለው፤ መለያው ኮማ ሲጨመር 16። 500 ንባብ 8,000 ፊደል ሆነ። በሲሪያል በ9600 ፍጥነት ስትጠቀሚ አንዷ ፊደል መጀመሪያና መጨረሻዋ ተቆጥሮ 11 ቢት ትወስዳለች፤ በሴኮንድ 870 ፊደል ገደማ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ 500 ንባብሽ በኬብሉ ተንቆርቁሮ እስኪያልቅ 9 ሴኮንድ ከምናምን ይፈጃል። ፓይቪዛን፣ ማለትም ፓይተን ከመለኪያ ጋር የሚነጋገርበትን ላይብረሪ፣ ከሆነ የምትጠቀሚው፣ ካልነገርሽው በቀር የሚታገሠው 2 ሴኮንድ ነው። መለኪያው ገና እየላከ ሳለ ፕሮግራምሽ «አልመጣም» ብሎ ዘጋበት።

አንቺ ደግሞ ተናደሽ እንደገና ፌች አልሽ። ያኔ በራፉ ላይ ገና ያልተነሳ ዕቃ ነበር። -410 ማለት ይሄ ነው፦ የመጀመሪያውን መልስ ሳትወስጂ ሌላ ጠየቅሽኝ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ታይምአውቱን 20 ሴኮንድ አድርጊው። መለኪያው ሲጨርስ መጀመሪያ ዳታ:ፖይንትስ ብለሽ ስንት ንባብ እንዳለው ጠይቂው፤ ፌችን ከዚያ በኋላ ላኪ። ኤረር ሲመጣ ደግሞ ሲስት:ኤረርን ዜሮ እስኪል ድረስ ደጋግመሽ ጠይቂ። እስከ 20 ኤረር ደርድሮ ያስቀምጣል፤ አንዱን አንብበሽ ከተውሽው የትናንቱ ስህተት የዛሬ እየመሰለ ያደናግርሻል።

መብራቱን በተመለከተ ግን ምንም የሚጠገን ነገር የለም። ጎታው መብራት ሲሄድ ባዶ ይሆናል። ሲሠሩት ጀምሮ እንዲያ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የአንድ ማሞቂያ ሣጥን ሙቀት በቴርሚስተር (ሙቀት ሲለወጥ ሬዚስታንሱ በሚለወጥ ዕቃ) ሌሊቱን ስለካ አደርኩ። መብራት አልጠፋም፣ ኬብል አልተነቀለም፣ 400 ንባብ ጎታው ውስጥ ተኝቷል። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ገባሁና እንደልማዴ ፕሮግራሙን ከላይ ጀምሬ አስነሳሁት። የመጀመሪያው መስመር ኢኒት ነበር። አዲስ ኢኒት የቆየውን ንባብ ይተካዋል። ቡናዬን እንኳ አልጠጣሁትም። ከዚያ ወዲህ የሚለካውንና የሚያወጣውን ፕሮግራም በሁለት ፋይል ነው የማስቀምጠው፤ የማውጫውን ፋይል ስም «ጠዋት» ብዬዋለሁ።

ላንቺ ሥራ እኔ ብሆን ጎታውን ጭራሽ አልነካውም። በደቂቃ አንድ ንባብ ለሚፈልግ ሰው ኢኒት ምን ያደርግለታል? ጎታው የሚጠቅመው በሴኮንድ ብዙ መቶ ንባብ ሲፈለግና ኬብሉ አልደርስ ሲል ነው። አንቺ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ሪድ ብለሽ ጠይቂ፣ የላፕቶፑን ሰዓት ከጎኑ ጻፊ፣ ፋይሉ ላይ ጨምሪ። እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ዲስኩ ላይ እንዲጽፈው ፍላሽ ማድረግ አትርሺ። ፓይተን ካላስገደድሽው ጽሑፉን ራሱ ጋ ያጠራቅመዋል፤ ያ ደግሞ ሌላ ጎታ ነው።

ሰዓቱን ጻፊ ያልኩት በምክንያት ነው። 34401ኤ ንባቡን እንጂ ሰዓቱን አያስቀምጥም። አንቺ፣ ሳልሳሳት አልቀርም፣ የትሪገር ዲሌይ 60 ሴኮንድ ሰጥተሽ «በየደቂቃው ነው» ብለሽ ገምተሻል። ነገር ግን መለኪያው 60 ሴኮንድ ይጠብቅና ከዚያ ይለካል። በተለመደው አሠራሩ፣ እኛ አገር ባለው 50 ሄርዝ፣ መለካቱ ብቻ ወደ 0.4 ሴኮንድ ይወስዳል። 600 ጊዜ ሲደጋገም 4 ደቂቃ ያህል ሾለከ ማለት ነው። ለባትሪ ግራፍ ላያስቸግር ይችላል። አማካሪሽ ሲጠይቁሽ ግን መልስ ይኑርሽ።

ሬንጁንም (እስከ ስንት ቮልት እንደሚለካ) ቆልፊው። 12 ቮልት ለ10 ቮልት ሬንጅ ጫፉ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወደ 100 ይዘላል። ከመጀመሪያው ኮንፍ:ቮልት:ዲሲ 100 ብለሽ አስቀምጪው፣ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ሬንጅ ይለካልሽ። ቁጥር መሃል 9.9 ተባዝቶ በ10 ደረጃ 37 የሚል ጉድ ካየሽ ባትሪው አብዶ አይደለም፤ «ከሬንጅ አለፈ» የሚልበት መንገዱ ነው። ኤክሴል እሱን እንደ እውነተኛ ቁጥር ወስዶ አማካዩን ሲያበላሽብሽ እንዳትደነግጪ።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ መለኪያው ይጠፋል። ሲመለስ መለኪያው ምንም እንዳልተፈጠረ ቮልት ማሳየት ይጀምራል፤ ግን ከኮምፒውተር ትዕዛዝ አይቀበልም። በሲሪያል ከሆነ ሲስት:ሪሞት እስክትዪው ድረስ ሪድን በ550 ይመልስብሻል። ስለዚህ ፕሮግራምሽ መልስ ሲያጣ እንዳይሞት አድርጊው፤ አንድ ደቂቃ ይጠብቅ፣ ሲስት:ሪሞት ይላክ፣ ኮንፉን ይድገም፣ ይቀጥል። በፋይሉ ላይ ክፍተት ይታያል። ክፍተቱም ዳታ ነው፤ መብራቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሄደ ይነግርሻል። ላፕቶፑን ደግሞ እንዳይተኛ ከልክዪው። ከመብራት ይልቅ በላፕቶፕ እንቅልፍ የጠፋ ዳታ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

አለቆችሽ አዲስ እንግዛ ካሉ 34461ኤ የሚባለው 10,000 ንባብ ይይዛል፣ ዩኤስቢና የኔትወርክ ኬብልም አለው። ዳታ:ሪሙቭ የሚል ትዕዛዝ አለው፤ ከጎታው ቆንጥሮ ሰጥቶ የሰጠውን ከውስጥ ይሰርዛል። እየለካ እያለ ታወጪለታለሽ። ጠባዩ ግን ተለውጧል። አሮጌው «ቦታ የለኝም» ብሎ ይጮሃል፤ አዲሱ ሲሞላ ምንም ኤረር ሳይል የድሮውን ንባብ በአዲሱ ይተካል። እኔ የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

«ወንድሜ፣ በሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ለክትባት ፍሪጅ ስታብላይዘር ለመምረጥ የሶኬቱ ቮልቴጅ ሌሊት ስንት ድረስ እንደሚወርድና እንደሚወጣ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ዎርክሾፓችን ውስጥ 34401ኤ አለ። እያንዳንዱ ንባብ አያስፈልገኝም፤ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ይበቃኛል። ሜሞሪውን ሳልሞላ ይቻላል? ሌላው ችግሬ፣ ኬብሉን ራሴ ሠርቼ ትዕዛዝ ስልክ ይቀበላል፣ መልስ ግን አይልክም።» መ. ከጎንደር

ወንድሜ፣ ኬብሉን ላስቀድም፤ እኔን ሁለት ቀን አቃጥሎኛል። ሦስት ሽቦ ብቻ ነው የበየድከው አይደል? መላኪያ፣ መቀበያና ግራውንድ። መለኪያው ከመላኩ በፊት ስድስተኛዋን እግር ያያል፤ ዲኤስአር ትባላለች። እሷ ላይ ምልክት ካላገኘ «ኮምፒውተሩ ዝግጁ አይደለም» ብሎ ዝም ይላል። ያንተን ትዕዛዝ ግን ይሰማል፤ ያ ነው ሰውን የሚያሳብደው። እኔ ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አራግፌ ጭኛለሁ። በመጨረሻ በመለኪያው በኩል ባለው ሶኬት አራተኛዋንና ስድስተኛዋን እግር በአጭር ሽቦ አያይዤ በካውያ በየድኳቸው። ወዲያው መለሰ። ሁለትና ሦስትን ማጠላለፍህንም አረጋግጥ። ፍጥነቱ ከፋብሪካ ሲመጣ 9600፣ ፓሪቲው ኢቨን፣ 7 ቢት ነው፤ ስቶፕ ቢቱ 2 ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄህ ስመጣ፣ አዎ ይቻላል። ዳታ:ፊድ የሚባል ትዕዛዝ አለ። ከአርዲጂ_ስቶር በኋላ ባዶ ጥቅስ ስታደርግለት «ጎታውን ዝጋው» ማለትህ ነው። ከዚያ ካልክ:ፈንክሽን ላይ አቨሬጅን መርጠህ ካልክ:ስቴትን ታበራለህ። ኢኒት ስትለው ይለካል፣ ንባቡን ይጥላል፣ ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውን፣ አማካዩንና ስንት እንደለካ ብቻ ይይዛል። የ512 ገደብ አይነካህም። ኤሲ ቮልት በተለመደው ፊልተሩ በሴኮንድ አንድ ያህል ይለካል፤ 12 ሰዓት 43,200 ንባብ ነው። የሳምፕል ብዛት እስከ 50,000 ስለሚቀበል ሌሊቱን ይበቃሃል። ጠዋት ካልክ:አቨሬጅ:ሚን እና ማክስ ብለህ ትጠይቃለህ።

ይሄን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና አሰብኩ። መለኪያውን የምትሰካው የት ነው? ከምትለካው ሶኬት ጋር ከሆነ መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፣ ሚንና ማክሱም አብሮ ይሄዳል። እሺ፣ ዩፒኤስ ላይ አደረግከው እንበል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ ላይ ዜሮ ቮልት ነው። መለኪያው ታማኝ ነውና ዝቅተኛው ዜሮ ነው ብሎ ይጽፋል። መብራት እንደሚጠፋማ አንተም ታውቃለህ። አንተ የፈለግከው ከመጥፋቱ በፊት 170 ላይ ይንገዳገድ እንደነበረ ነው፤ ያንን ዜሮዋ ዋጠችው። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚዘለውን ከፍታ ደግሞ ማክሱ ይይዘዋል፣ ግን ስንት ሰዓት ላይ እንደነበረ አይነግርህም።

ስለዚህ ላንተም የምመክረው ለት. የመከርኩትን ነው። መለኪያውን ዩፒኤስ ላይ፣ ሪድ እያልክ ከሰዓቱ ጋር ላፕቶፕ ላይ። በየ5 ሴኮንዱ ብታደርገው በ12 ሰዓት 8,640 መስመር ነው፤ ለኤክሴል ምንም አይደለም። ከ50 ቮልት በታች ያለውን ለብቻ አውጥተህ የቀረውን አይ። ሚንና ማክሱን ለማይቋረጥ ነገር አስቀምጠው፤ ለምሳሌ ከስታብላይዘሩ የሚወጣውን በቀን ለመፈተሽ።

ደግሞ አንድ ነገር። 220 ቮልት ነው። ክሊፖቹን ስታስር ብሬከሩን አውርደህ ይሁን፤ ሌሊት ሰው እንዳይነካውም ሸፍነው። መለኪያው ራሱ እስከ 750 ቮልት ኤሲ ይችላል፤ ከገበያ የገዛሃቸው የአዞ አፍ ክሊፖች ግን ስንት እንደሚችሉ እርግጠኛ ሁን።

«ሰላም ጋሼ። ጀርመን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ላባችን ውስጥ ያለው ኪትሊ 2000 ነው። ትዕዛዙን መጀመሪያ ስልክለት ንባቡን በደንብ ያከማቻል፤ ሁለተኛ ዙር ላይ ግን ምንም አያስቀምጥም፣ የድሮውን ነው የሚመልስልኝ። ቀለበቱ (ፕሮግራሙ የሚደጋግመው ክፍል) ውስጥ ያሉት ትዕዛዞች አንድ ናቸው።» የ.

ትዕዛዞቹ አንድ መሆናቸው ላይ ሳይሆን ቀለበቱ ከየት እንደሚጀምር ላይ ነው ነገሩ። ኪትሊው ላይ ጎታው በራሱ አይከፈትም። ትሬስ:ፖይንትስ ስንት እንደሚይዝ ይወስናል፣ ከ2 እስከ 1,024። ትሬስ:ፊድ ከየት እንደሚቀዳ ይነግረዋል፤ ጥሬውን ንባብ ከሆነ የምትፈልገው ሴንስ ነው። ትሬስ:ፊድ:ኮንትሮል ኔክስት ሲባል ብቻ ነው በሩ የሚከፈተው፤ ጎታው ሲሞላ ይዘጋል። ኔክስት ለአንድ ዙር ነው። አንተ፣ ጠርጥሬ ነው፣ ይሄንን ከቀለበቱ ውጪ ማዘጋጃው ውስጥ አንድ ጊዜ ጽፈኸዋል።

በየዙሩ መጀመሪያ ትሬስ:ክሊር፣ ቀጥሎ ኔክስት፣ ከዚያ መለካት። ኔክስት መግባቱን በዓይንህ ማየት ትችላለህ፤ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ኮከብ ትበራለች። ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ኮከቧ ከሌለች ፕሮግራሙን እዚያው አቁመው።